የትንሽ መኪና እግር ለወሎ መንገድ፦ ምን ይለወጥ፣ ምን ይቅር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሾፌር «መኪናዋ ትታዘዛለች» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850። ይህን ሁሉ ቁልቁለት በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጨርሱታላችሁ፤ ያውም ሐረጎ ላይ በኩርባ እየተጠማዘዛችሁ፣ ከኋላ የተጫነ ሲኖትራክ እየመጣባችሁ፣ ክረምት ከሆነም ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት።

ስለዚህ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ዲዛየር ወይም ቆየት ያለ ኮሮላ የያዘ ሰው «እግሯን ምን ባደርጋት ይሻላል?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ እግር ስል ጎማዋን፣ ሾኳን፣ ሞላዋንና እነሱን የሚይዙትን ዕቃዎች ማለቴ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው መልስ ግን በአብዛኛው ለለስላሳ አስፋልት የተጻፈ ነው። ዝቅ አድርጋት፣ አጠንክራት፣ ትልቅ ቸርኬ ግጠምላት ይላል። ያንን ምክር እንዳለ እዚህ ብታመጡት ገንዘባችሁ ይወጣል፣ መኪናዋም ከበፊቱ ትብሳለች። እኔ የማምንበትን ጀባ ልበላችሁ፦ ወሎ ላይ መኪና የምትታዘዘው ጎማዋ መሬቱን ሳይለቅ ሲሄድ ነው። ኩርባው ላይ ጉድጓድ አለ፣ ከጉድጓዱ ቀጥሎ ጠጠር አለ፣ ከዚያ የተለጠፈ አስፋልት አለ። ጎማው ይህን ሁሉ ተከትሎ መውረድና መውጣት ካልቻለ መሪውን ብታዞሩትም የሚሰማችሁ የለም። የምትገዙትን ዕቃ ሁሉ በዚህ መዝኑት።

መጀመሪያ ያለው ይጠገን

ብዙ ሰው አዲስ ነገር ማስገጠም ፈልጎ ጋራዥ ይሄዳል፤ የሚያስፈልገው ግን ጥገና ነው። ዓመታት የሠራች ቪትዝ ከፋብሪካ ስትወጣ እንደነበረችው ብትመለስ ራሱ፣ ባለቤቷ ሌላ መኪና የያዘ ይመስለዋል።

መኪናዋን በክሪክ አስነሱና ከሥሯ ጠንካራ ድጋፍ አድርጉ፤ ክሪክ ብቻውን ፈጽሞ አይታመንም። የፊት ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ጨዋታ ካለው ቦል ጆይንቱ (ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ) ወይም የጎማው ኩሽኔታ አልቋል። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ስትወዘውዙት የሚላወስ ከሆነ ደግሞ የታይ ሮዱን (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) ጫፍ ጠርጥሩ። ከዚያ በባትሪ ብርሃን የታችኛውን ክንድ የያዙትን የላስቲክ ቡሾች እዩ። ተሰነጣጥቀው ወይም ከብረቱ ተላቀው ከሆነ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን የምትሄደው በእነሱ ሊሆን ይችላል። ኮብልስቶን ላይ ቀጭን ኳኳታ የምትሰሙ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ስታቢላይዘር ሊንኩ ነው፤ ስታቢላይዘር መኪናዋ እንዳትጋደል የግራና የቀኝ ጎማን የሚያያይዘው ብረት ነው፣ ሊንኩ ደግሞ የእሱ ማያያዣ። ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ሁለቱንም በአንዴ ለውጡት።

ቡሽ ስትለውጡ «ፖሊዩሪቴን» የሚባለውን ጠንካራ ዓይነት የሚያቀርብላችሁ ሊኖር ይችላል። መሪው ላይ ቶሎ ምላሽ ይሰጣል፣ እውነት ነው። ግን ንዝረቱንና ድምፁን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ በአቧራ ውስጥ ቅባቱ ሲያልቅ ይንጫጫል። ለዕለት ተዕለት መኪና ጥሩ ጥራት ያለው ላስቲክ ይበቃል።

ሾክ አብዞርበሩንም አሁን መርምሩት። የመኪናዋን ጥግ በኃይል ተጭናችሁ ልቀቁ። ተነስታ ቀጥ ካለች ደህና ነው፤ ደጋግማ ከተወዛወዘች ሾኩ ሞቷል። ይህ ፈተና ግን የሚያጋልጠው ጨርሶ የሞተውን ብቻ ነው፣ ግማሽ የደከመው ያልፈዋል። ስለዚህ ሌሎች ምልክቶችም አሉ። የሾኩ አካል በዘይት ረጥቦ አቧራ ይዟል? የጎማው ጥርስ በየቦታው ጎድጎድ እያለ ተበልቷል? ፍሬን ስትይዙ አፍንጫዋ ክፉኛ ይደፋል? ኩርባ ውስጥ ትንሽ ጉብታ ስትነኩ ኋላዋ ወደ ጎን ዘለል ይላል? የመጨረሻውን በተለይ አትናቁት፤ ሐረጎን ስትወርዱ አደጋ የሚያመጣው እሱ ነው።

ጎማ

እግር ላይ ያለው ብረት ሁሉ የሚሠራው ለጎማው ነው። ጎማው ደረቅና አሮጌ ከሆነ ምንም ዓይነት ሾክ ብትገጥሙ አያድናችሁም። ብር የሚበቃችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ፣ ያለ ጥርጥር አራት ጥሩ ጎማ ግዙ።

ስትገዙ መጀመሪያ የተሠራበትን ጊዜ አንብቡ። በጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት በኋላ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ። 2319 ከሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር አንብባችሁ «ገና አልደረሰም» እንዳትሉ፣ የፈረንጅ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው የገፋ ጎማ በየሱቁ ሞልቷል። ላስቲክ ሲያረጅ ይደርቃል፣ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ የሐምሌ ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ ይንሸራተታል። እኔ ዕድሜው ከ5 ዓመት ያለፈ ጎማ እንደ አዲስ ቢሸጥልኝ አልገዛም።

ቀጥሎ መጠን። ብዙ ቪትዝ ላይ የምታገኙት 165/70 ባለ 14 ኢንች ቸርኬ ነው። 165 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው፤ 70 ደግሞ የጎኑ ቁመት የወርዱ 70 በመቶ መሆኑን ይናገራል፤ ስለዚህ ጎኑ 115 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ጎን ራሱ እንደ ሞላ ነው የሚሠራው፣ የጉድጓዱን የመጀመሪያ ምት የሚቀበለው እሱ ነው። ወደ 16 ቸርኬ ዘልላችሁ ጎኑ ቀጭን የሆነ ጎማ ብታስገቡ መሪው ፈጣን ይሆናል፣ መልኳም ያምራል፤ ግን ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ላይ ቸርኬው ይጣመማል፣ ጎማውም ጎኑ ላይ ያብጣል። አቦ ይቅርባችሁ።

ትንሽ ከፍታ ለምትፈልጉ 175/70 ባለ 14 አለ። ጎኑ 122 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ መኪናዋ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ ምንም ሳይቆረጥና ሳይጨመር። መሪውን እስከ መጨረሻ አዙራችሁ ከጭቃ መከላከያው (ፓራፋንጎው) ጋር አለመነካካቱን አረጋግጡ። የፍጥነት መቁጠሪያውም በ2 በመቶ ገደማ ዝቅ አድርጎ ያነባል።

ንፋሱን ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ለኩ። ትክክለኛው ቁጥር በሾፌሩ በር በኩል ምሰሶው ላይ ተለጥፏል፤ ለትንሽ መኪና ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ጎሚስታ ጋ ብትለኩት ጎማው ስለሞቀ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ያኔ አታስተንፍሱት። «ነዳጅ ይቆጥባል» ተብሎ ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማም ጠጠር ላይ ይዘላል፣ መሬት የሚነካው ክፍል ይጠባል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ሲደረግ አያለሁ። ሁለት ጎማ ብቻ ከገዛችሁ አዲሶቹ ወደ ኋላ ይግቡ። የፊቱ ቢንሸራተት ፍጥነት ቀንሳችሁ መሪውን ታለሳልሱና መኪናዋን መመለስ ትችላላችሁ። ኋላው እርጥብ ኩርባ ላይ ከለቀቀ ግን መኪናዋ ትሽከረከራለች።

ሾክ አብዞርበር

ገንዘብ ማውጣት የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው። ሞላው ክብደቱን ይሸከማል፤ ሾኩ ደግሞ የሞላውን መወዛወዝ ያፍናል። ሾክ የሌለው ሞላ ጎማውን እንደ ኳስ ያዘልለዋል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም።

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። ባለ ሁለት ቱቦው በአብዛኛው ትንሽ መኪና ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው ነው። ለስላሳ ነው፣ ዋጋው ይሻላል፣ ጠጠር ተፈናጥሮ ውጭውን ትንሽ ቢሰረጉደውም ብዙ ጊዜ መሥራቱን ይቀጥላል። ባለ አንድ ቱቦው ውስጡ ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ ይይዛል፣ ሙቀትን ቶሎ ያስወጣል፣ መኪናዋንም አጥብቆ ይይዛል። ጉዳቱ፣ ፒስተኑ የሚንሸራተተው በዚያው በውጭኛው ግድግዳ ውስጥ ስለሆነ ግድግዳው ከተሰረጎደ ሾኩ አበቃለት።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከደሴ ሐይቅ፣ አልፎ አልፎም ወልዲያ ለምትመላለሱ ጥሩ ባለ ሁለት ቱቦ የጋዝ ሾክ ይበቃል፣ ከሞተው ሾክ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ሰፊ ነው። ከኬዋይቢ፣ ብዙዎች ካያባ ከሚሉት፣ ኤክሴል ጂ የሚባለው እዚህ ውስጥ ይመደባል። የቢልስታይን ቢ4ም የተሠራው የፋብሪካውን እንዲተካ ነው። ፒስታ ላይ ረጅም ጊዜ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ የሙቀቱ ነገር ይመጣል። ሾክ ያለማቋረጥ ሲመታ ዘይቱ ይሞቃል፣ ይቀጥናል፣ አረፋም ይይዛል፤ ያን ጊዜ መኪናዋ ጠዋት ከነበረችው ልላ ትገኛለች። ባለ አንድ ቱቦው ይህን ይቋቋማል። የኬዋይቢ ጋዝ ኤ ጀስትና የቢልስታይን ቢ6 ባለ አንድ ቱቦ ናቸው። ቢ8 የሚለውን ግን አትግዙ፣ ዝቅ ለተደረገ መኪና የተሠራ አጭር ሾክ ነው።

ማስመሰያ ዕቃ አለና ተጠንቀቁ። ከሳጥኑ ላይ ያለውን የዕቃ ቁጥር በአምራቹ ካታሎግ ላይ ከመኪናችሁ ሞዴልና ዓመት ጋር አመሳክሩ፣ ግራና ቀኝ መለየቱንም እዩ። «ለሁሉም ቪትዝ ይሆናል» ብሎ ነገር የለም፣ ቪትዝ በየትውልዱ ይለያያል። ያገለገለ ሾክ ግን በፍጹም አትግዙ፤ የደከመ መሆኑን በእጅ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ከሾኩ ጋር አብረው የሚለወጡ ትንንሽ ነገሮችም አሉ፦ ከላይ ያለው መቀመጫ ላስቲክ ከነኩሽኔታው፣ የአቧራ መከላከያው፣ የማቆሚያው ላስቲክ። እነዚህን አሮጌ ትታችሁ አዲስ ሾክ ብታስገቡ መሪ ስታዞሩ መጮኹ አይቀርም፣ የገባው አቧራም የሾኩን ማኅተም ቶሎ ይበላዋል።

ሞላ፦ ዝቅ፣ ከፍ ወይስ እንዳለ?

ዝቅ ማድረግን ባጭሩ ልዝጋው። ቪትዝና ዲዛየር ፊታቸው ማክፈርሰን የሚባለው አሠራር ነው። እንዲህ ያለ መኪና ብዙ ዝቅ ሲል የታችኛው ክንድ ወደ ላይ ያዘነብላል፤ በዚህ ምክንያት መኪናዋ የምትጋደልበት ማዕከል ከክብደቷ ማዕከል በበለጠ ይወርዳል። ያ ማለት ሞላው ካልጠነከረ ዝቅ ማለቱ ብቻውን መጋደልን አይቀንስም። በዚያ ላይ ሾኩ ለመጨመቅ ያለው ቦታ ያልቅና ማቆሚያው ላይ ይመታል። ኩርባ ውስጥ ማቆሚያ የመታ ጎማ በድንገት ይለቃል። ሞላ ማስቆረጥማ ከዚህም የከፋ ነው፤ የተቆረጠው ጫፍ በመቀመጫው በትክክል አይቀመጥም፣ መኪናዋ ስትዘል ሊወጣ ይችላል። በእሳት አሙቆ ማውረድ ደግሞ የብረቱን ጥንካሬ ይገድለዋል።

እዚህ አገር የበለጠ የሚያጓጓው ከፍ ማድረግ ነው፣ ለምን እንደሆነም ይገባኛል። ግን በላስቲክ ወይም በአሉሚኒየም ስፔሰር ከፍ ስታደርጓት ሞላው አይጠነክርም። የክብደቷ ማዕከል ወደ ላይ ይነሳል፣ ኩርባ ላይ የበለጠ ትጋደላለች፣ ከካምቢዮው ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ያዘነብልና መገጣጠሚያው ቶሎ ያልቃል። ብዙዎች ልብ የማይሉት ደግሞ ይህ ነው፦ ሾኩ ያው የድሮው ርዝመት ስለሆነ አስቀድሞ ተዘርግቶ ይቆማል፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ የሚዘረጋበት አይቀረውም፣ ጠቅ ብሎ ይንጠለጠላል። ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ አታስጨምሩ። ካስጨመራችሁም የፊት መብራቱን አስተካክሉ።

የሚያዋጣ የሞላ ለውጥ ለእኔ አንድ ነው፦ ኋላዋ ሁልጊዜ ለተጎነበሰ መኪና። ሰውና ዕቃ እየጫናችሁ ባቲ ገበያ የምትመላለሱ ከሆነ የኋላ ሞላዎቹ ደክመው ይሆናል። በፋብሪካው ልክ አዲስ ሞላ ግዙ፣ ወይም ከእሱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ የጠነከረ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ባዶዋን ስትነዷት ኋላዋ ይዘላል፣ ሾኩም ሊያፍነው አይችልም። ጭነቱንም አስቡበት። ፖርቶመጋላ ላይ የተጫነ ኩንታል ጤፍ የገዛችሁትን ሾክ ሥራ ሁሉ ያጠፋዋል፤ የትንሽ መኪና ጣራ ለዚያ አልተሠራም። ከባዱ ነገር ወደ ታች፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጥ።

ስታቢላይዘርና ሌሎቹ

የፊት ጎማ የሚጎትታቸው ትንንሽ መኪናዎች ኩርባ ላይ ሲፈጥኑ አፍንጫቸው ወደ ውጭ ይገፋል። ከኋላ ጠንካራ ስታቢላይዘር ማስገጠም ይህን ይቀንሳል፣ መጋደልንም ይቀንሳል። ለደረቅ አስፋልት ጥሩ ነው። ግን ሁለቱን የኋላ ጎማ አጥብቆ ስለሚያያይዝ አንዱ ጉድጓድ ሲመታ ሌላውም ይረበሻል፣ እርጥብ ኩርባ ላይም ኋላዋ ቶሎ እንዲለቅ ያደርጋል። ከጎማና ከሾክ በፊት አይታሰብ። ኮፈን ሥር ሁለቱን የሾክ ራሶች የሚያገናኘው ብረት ለዕለት መንገድ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፣ ገንዘቡን ለጎማ አውሉት። ከፍታው የሚስተካከለው ኮይልኦቨር የሚባለውም ጥርሱ በአቧራና በጭቃ ይያዛል፣ ለዚህ አገር አልመርጠውም።

አስገጣጠምና አላይመንት

ጥሩ ዕቃ በመጥፎ አስገጣጠም ይበላሻል። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ ቁሙ፣ ጠይቁ፣ መካኒኩም ሥራውን የሚያከብር ከሆነ አይከፋውም። ሾክ ሁልጊዜ በጥንድ ይለወጣል። ባለ ሁለት ቱቦው ከመገጠሙ በፊት እንደሚቆምበት ቀጥ ተደርጎ ብዙ ጊዜ ይሳብና ይገፋ፣ ውስጡ ያለው አየር እንዲወጣ። የሚያብረቀርቀው ዘንግ በፒንሳ አይያዝ፤ ትንሽ ጭረት ማኅተሙን ይቀደዋል። ሞላውን ለመጭመቅ ትክክለኛ መጭመቂያ ይኑር፣ በሽቦ የታሰረ ሞላ ሰው ይገድላል።

የላስቲክ ቡሾቹ ቡሎኖች ደግሞ መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ቆማ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ እያለ ከጠበቁ ላስቲኩ ስትወርድ ተጠማዝዞ ይቀራል፣ በአጭር ጊዜም ይቀደዳል።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ዊል አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ማዘንበል ወደ ማስለካትና ማስተካከል። የፊት ሾክ ወጥቶ ገብቶ አላይመንት ካልተሠራ አዲሱ ጎማ ያልቃል። ከማሽኑ የሚወጣውን ወረቀት ጠይቁ፣ ከመሠራቱ በፊትና ከተሠራ በኋላ ያለውን ቁጥር አወዳድሩ። የጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል በግራና በቀኝ በጣም ከተለያየ ብዙ ትንሽ መኪና ላይ ማስተካከያ የለውም፤ የተጣመመ ነገር ስላለ ይፈለግ። መሪው ቀጥ ብሎ ካልመጣላችሁ ሥራው አላለቀም፣ መልሷት።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ለውጡ፣ አለበለዚያ የትኛው እንደረዳ አታውቁም። ቦሩ ሜዳ ሜዳው ላይ፣ መንገዱ ነጻ ሲሆን፣ በመጠነኛ ፍጥነት ፍሬን ያዙና ቀጥ ብላ መቆሟን እዩ። ከዚያ ኮብልስቶን ላይ መስኮቱን ከፍታችሁ በዝግታ ሂዱ፣ ድምፁን አዳምጡ። ኩርባ ላይ በፍጥነት መሞከር አያስፈልግም። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ቡሎኖቹን በሙሉ አስፈትሹ።